ዓይን ከተመታ በኋላ የሚመጣ ግላኮማ፦ ዓይነቱን መለየት፣ እንደ ዓይነቱ ማከም

ዓይኑን የተመታ ሰው ሲመጣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠየቀው ቁጥሩ ነው። የዓይኑ ግፊት ስንት ነው? 38? በቃ ግፊት የሚቀንሰው ጠብታ፣ ቲሞሎል፣ ይጻፍለትና ከሳምንት በኋላ ይመለስ። ይህ አካሄድ አንዳንዴ ይሳካል፤ ብዙ ጊዜ ግን ነገሩን ያድበሰብሰዋል። ከጉዳት በኋላ የሚመጣ ግላኮማ አንድ በሽታ አይደለም። ግፊቱን ከፍ ያደረገው ደም ሊሆን ይችላል። ከቦታው የተንሸራተተ ሌንስ ሊሆን ይችላል። ከ15 ዓመት በፊት የተቀደደ ጡንቻ ወይም እኛው ያዘዝነው ጠብታም ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ለሁሉም 38 ነው፤ ለአንዱ የሚበጀው መድኃኒት ግን ሌላውን ይጎዳል።

ይህን የጻፍኩት በዋናነት በጠቅላላ ሆስፒታልና በክሊኒክ ለሚሠሩ ሐኪሞች፣ ነርሶችና ኦፕቶሜትሪስቶች ነው። ዓይኑን ተመትቶ የሚያውቅ ሰው ወይም አስታማሚም ሊያነበው ይችላል። የመድኃኒት መጠኖቹ ግን ለባለሙያ ናቸው፤ ከፋርማሲ ገዝቶ ራስን ለማከም አይደሉም።

አሠራሩን ባጭሩ እናስታውስ። የዓይን ፈሳሽ የሚመነጨው ከአይሪስ (ብሌኑን ከከበበው ባለ ቀለም ክፍል) ጀርባ ካለው ሲሊያሪ ቦዲ ነው። በብሌኑ አልፎ ወደ ፊተኛው ክፍል ይመጣል። ከዚያ ኮርኒያ (ከፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን) እና አይሪስ በሚገናኙበት ጥግ፣ አንግል በምንለው ቦታ፣ ወንፊት በመሰለ ማጣሪያ በኩል ይወጣል። ጤነኛ ግፊት በአብዛኛው ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ምት ይህን መንገድ የሚያበላሸው በሦስት መልክ ነው፦ ማጣሪያውን ራሱን ይጎዳዋል፣ ማጣሪያውን ይደፍነዋል፣ ወይም ፈሳሹ ማጣሪያው ዘንድ እንዳይደርስ ይከለክለዋል። ከታች የሚመጣው ምደባ በአብዛኛው ከእነዚህ ሦስቱ አይወጣም። በጥብቅ ካየነው ደግሞ ግላኮማ የሚባለው የእይታ ነርቭ መጎዳት ሲጀምር ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የምናየው በአብዛኛው ከፍ ያለ ግፊት ነው፤ ሥራችንም ወደ ግላኮማ እንዳይሄድ ማድረግ ነው።

አንደኛ፦ መለኪያውን ከማንሳት በፊት

ግፊት መለካት የማይገባበት ዓይን አለ። ዓይኑ ከተበሳ ወይም ከፈነዳ ቶኖሜትር መጫን የውስጡን ይዘት ወደ ውጭ ሊገፋው ይችላል። ስለዚህ ሽፋኑን ቀስ ብላችሁ በአጥንቱ ላይ ደግፋችሁ ክፈቱና ተመልከቱ። ብሌኑ ክብነቱን አጥቶ ወደ አንድ ጎን ሹል ብሏል? በነጩ ክፍል ላይ ቡናማ ወይም ጥቁር ነገር ወጥቷል? ነጩ ዙሪያውን በሙሉ በደም አብጧል? ፊተኛው ክፍል ከሌላው ዓይን በግልጽ ጠልቋል ወይስ ሳስቷል? አንዱም ቢኖር ተበስቷል ብላችሁ ተነሱ።

ያኔ አትጫኑ፣ ጠብታም ቅባትም አትጨምሩ፣ የተሰካ ነገር ካለም አትንቀሉ። ዓይኑን የማይነካ ጠንካራ መከለያ አድርጉ። ከሌለ የወረቀት ኩባያ ታችኛውን ግማሽ ቆርጦ በፕላስተር ማሰር ይቻላል። በጥጥና በጋዝ ማሸግ ግን አይሆንም፤ እሱም መጫን ነው። የሕመም ማስታገሻና ማስታወክ የሚከለክል መድኃኒት ስጡ። የቴታነስ ክትባቱን አረጋግጡ፣ አንቲባዮቲክ ጀምሩ፣ ምንም እንዳይበላና እንዳይጠጣ ንገሩት፣ በቶሎም ላኩት። አዲስ አበባ ላይ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል፣ ከዚያ ውጭ ደግሞ የጎንደር፣ የጅማና የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች፣ በመቀሌ በኩል የኩይሃ ዓይን ሆስፒታል ለዚህ የሚታወቁ ናቸው።

ኬሚካል ከገባ ደግሞ ታሪክ መጠየቁም ይቆይ። ኖራ፣ ሲሚንቶ፣ ኮስቲክ ሶዳ፣ የባትሪ አሲድ፣ በረኪና፣ የትኛውም ይሁን፣ ወዲያው በንጹሕ ውሃ ወይም በሳላይን ቢያንስ ለ30 ደቂቃ እጠቡ። ሽፋኑን ገልብጣችሁ የተደበቀውን የኖራ ፍርፋሪ አውጡ። ፒኤች መለኪያ ወረቀት ካላችሁ ከ7 እስከ 7.4 ድረስ እስኪመለስ አታቁሙ። ይህ ሰውየው ሆስፒታል ሳይደርስ፣ ቤቱ ወይም የሥራ ቦታው ላይ መጀመር ያለበት ነገር ነው። ጀሪካን ውሃ ያለው ሁሉ ሊያደርገው ይችላል።

ሦስተኛው አስቸኳይ ሁኔታ ከዓይን ጀርባ የሚፈስ ደም ነው። ዓይኑ ወደ ፊት ይገፋል፣ ሽፋኑ እንደ ድንጋይ ይደርቃል፣ ግፊቱ በጣም ይወጣል፣ ብሌኑም ለብርሃን የሚሰጠው ምላሽ ይጠፋል። እዚህ ሲቲ ስካን እስኪመጣ መጠበቅ ዓይኑን ማጣት ነው። የሽፋኑን ውጫዊ ጥግ ቆርጦ ማላላት፣ ላተራል ካንቶቶሚና ካንቶሊሲስ የሚባለው፣ እዚያው ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ይሠራል። የቀዶ ሕክምና ልምድ ያለው ጠቅላላ ሐኪም ሁሉ ቢለምደው ምኞቴ ነው።

ሁለተኛ፦ መቼ? በምን?

እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ግማሹን ሥራ ይሠራሉ። መሣሪያ አይጠይቁም፤ ግን ብዙ ካርድ ላይ አይጻፉም።

መቼ የሚለው መልስ ምድቡን ይሰጣል። በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ከሆነ ደም፣ የውስጥ ቁጣ፣ የሌንስ መንሸራተት ወይም ኬሚካል ይጠረጠራል። በሳምንታትና በወራት ከሆነ ያረጀ ደም፣ ቁጣ ለማብረድ የሚሰጥ ስቴሮይድ ጠብታ፣ የሌንስ ፍርፋሪ ወይም አንግሉን የዘጋ ጠባሳ። ዓመታት ካለፉ ደግሞ የአንግል መቀደድ፣ ወይም ውስጥ ተደብቆ የቀረ ብረት።

በምን የሚለው ድንጋዩን ከእሾሁ ይለያል። ወንጭፍ፣ ዱላ፣ ቡጢ፣ የበሬ ቀንድ፣ በቡሄ ሰሞን የሚጮህ ጅራፍ፣ በገና ጨዋታ የሚወረወር ሩር፣ ከሚፈለጥ እንጨት የሚፈናጠር ፍላጭ፣ እነዚህ በአብዛኛው ሳይበሱ የሚያደቁ ናቸው። ግራይንደርና መዶሻ ግን ሌላ ነገር ናቸው። ብረት በብረት ሲመታ የምትፈናጠር ቅንጣት ዓይን ውስጥ ገብታ በሽተኛው ያልተሰማው ሊሆን ይችላል። ያን ታሪክ ከሰማችሁ ራጅ ወይም ሲቲ አዙ። ብረት የሚጠረጠርበትን ሰው ኤም አር አይ ውስጥ አታስገቡ፤ ማግኔቱ ቅንጣቷን ያንቀሳቅሳታል።

ቀጥሎ ቤት ውስጥ ምን እንደተደረገለት ጠይቁ። የቅጠል ጭማቂ፣ የእናት ጡት ወተት፣ ከጎረቤት የተዋሰ ጠብታ፣ ያለ ማዘዣ የተገዛ ዴክሳሜታዞን የሚባለው ስቴሮይድ። ስትጠይቁ ፊታችሁን አታኮማትሩ። ከተቆጣችሁ ሰውየው ይደብቃችኋል፤ የተደበቀው ደግሞ ብዙ ጊዜ መልሱ ራሱ ነው።

ሦስተኛ፦ ምርመራው

እይታን በሁለቱም ዓይን ለየብቻ መዝግቡ። ብሌኖቹን በባትሪ እያፈራረቃችሁ አብሩባቸው፤ ብርሃኑ ወደ ተጎዳው ሲዞር ብሌኑ የሚሰፋ ከሆነ ነርቩ ወይም ሬቲናው ተነክቷል። ደም ሞልቶት ብሌኑ የማይታይ ከሆነ የጤነኛውን ዓይን ብሌን ተመልከቱ፤ ወሬውን እሱ ይነግራችኋል። ስሊት ላምፕ (ዓይን የሚታይበት ማይክሮስኮፕ) ላይ ደም፣ የሚንሳፈፉ ሕዋሳት፣ የአይሪስ መንቀጥቀጥ፣ የሌንስ መዘንበል ፈልጉ። ከዚያ ግፊቱ ይለካ።

ዝቅ ያለ ግፊትም አያጽናና። ሲሊያሪ ቦዲው በምቱ ደንግጦ ለጊዜው ፈሳሽ ማምረት ሊያቆም ይችላል፤ ሲያገግም ግፊቱ ይወጣል። ሬቲና ሲላቀቅም ግፊት ይወርዳል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን 8 ያገኛችሁትን ሰው «ደህና ነህ» ብላችሁ አትሸኙት።

አንግሉን በመስታወት ማየት፣ ጎኒዮስኮፒ፣ የግድ ነው፤ ነገር ግን ትኩስ ደም እያለ አይደለም። መጫኑ እንደገና ሊያደማው ይችላል። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ጠብቁ። ስታዩም ሁለቱንም ዓይን አነጻጽሩ። ጤነኛውን አንግል ሳያዩ የተቀደደውን ማወቅ፣ በተለይ ሳሳ ያለው ቅዳድ፣ ልምድ ላለው ሐኪምም ይቸግራል።

አራተኛ፦ በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ደም

በተደጋጋሚ የምታገኙት ሃይፊማን ነው፤ ፊተኛው ክፍል ውስጥ የተጠራቀመ ደም። ደረጃው የሚለካው በከፍታው ነው። ደሙ ሳይረጋ በፈሳሹ ውስጥ የሚንሳፈፍ ብቻ ከሆነ ዜሮ ነው። ከሲሶ በታች አንደኛ፣ ከሲሶ እስከ ግማሽ ሁለተኛ፣ ከግማሽ በላይ ሦስተኛ፣ ሙሉ በሙሉ ሲሞላ አራተኛ ደረጃ ይባላል። ደሙ ሲበዛ የግፊት መውጣት ዕድልም ይጨምራል። ከፍታውን በሚሊ ሜትር ጽፋችሁ ሥዕል ሣሉ። ነገ ሌላ ተረኛ ሲያየው ጨመረ ወይስ ቀነሰ የሚለውን የሚያውቀው ከዚያች ሥዕል ነው።

አደገኛው ነገር ዳግም መድማት ነው። የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከ2ኛው እስከ 5ኛው ቀን ባለው ጊዜ፣ የረጋው ደም ሲሟሟ ነው። ሁለተኛው መድማት ከመጀመሪያው የከፋ ይሆናል፤ ግፊቱም አብሮ ይወጣል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን 5 ቀናት በየቀኑ እዩት። ከሩቅ ገጠር የመጣ ከሆነ ወይም ሕፃን ከሆነ አስተኙት። መጽሐፍ ደረጃው ዝቅ ያለውን ሃይፊማ በተመላላሽ ማከም ይቻላል ይላል፤ ትክክል ነው። ነገር ግን ለመመለስ ሁለት አውቶቡስ የሚቀይር ሰው ተመላላሽ አይባልም።

እንክብካቤው ቀላል ነው። ጭንቅላቱን ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ከፍ አድርጎ ይተኛ፤ ደሙ ወደ ታች ይረጋል፣ ማጣሪያውም ከላይ ይተነፍሳል። መከለያ ይደረግለት፣ ይረፍ፣ አይጎንበስ፣ ከባድ አያንሳ። ሁለቱንም ዓይን ማሰር የድሮ ልማድ ነው፤ ጥቅም የለውም፣ በሽተኛውን ግን ያስጨንቃል። ለሕመም ፓራሲታሞል ስጡ። አስፕሪን፣ ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ይቅሩ፤ ደም መርጋትን ያዳክማሉ። እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያውን ለአስታማሚውም ንገሩ፤ ዳይክሎፌናክ በየኪሳችን ያለ መድኃኒት ነውና።

ብሌኑን ለማሳረፍ አትሮፒን 1 በመቶ፣ ቁጣውን ለማብረድ ፕሬድኒሶሎን 1 በመቶ ወይም ዴክሳሜታዞን 0.1 በመቶ በቀን 4 ጊዜ ይሰጣል። የረጋው ደም እንዳይሟሟ የሚያደርገው ትራኔክሳሚክ አሲድ ዳግም መድማትን ሊቀንስ ይችላል፤ የመጨረሻውን እይታ ያሻሽላል የሚል አሳማኝ ማስረጃ ግን የለም። ስለዚህ እንደ ግዴታ አላየውም።

ግፊቱ ከወጣ ቲሞሎል 0.5 በመቶ በቀን 2 ጊዜ ይቀድማል። ከማዘዛችሁ በፊት አስም አለብህ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ የልብ ምቱንም ቁጠሩ። ካልበቃ ዶርዞላሚድ ወይም ብሪሞኒዲን ይጨመራል። ብሪሞኒዲን ከ2 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ክልክል ነው፤ እንቅልፍ ያስይዛል፣ ትንፋሽም ያዳክማል። ጠብታ ካልያዘው አሴታዞላሚድ 500 ሚሊ ግራም በአንዴ፣ ከዚያ 250 ሚሊ ግራም በቀን 4 ጊዜ። ለሕፃን በኪሎ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም በየ6 እስከ 8 ሰዓቱ። የሰልፋ አለርጂ ወይም የኩላሊት ችግር ካለ ተዉት። ጣቱን ቢደነዝዘው፣ ሽንት ቢያበዛበት፣ ለስላሳ መጠጥ ጣዕሙ ቢጠፋበት አይደንግጥ። ግፊቱ በጣም ከፍ ብሎ አልወርድ ካለ ማኒቶል 20 በመቶ፣ በኪሎ ከ1 እስከ 2 ግራም፣ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለ ጊዜ ውስጥ በደም ሥር ይሰጣል። ልቡ ወይም ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ግን አይሰጥም።

በዚህ ወቅት የሚከለከሉ ሁለት ጠብታዎች አሉ። ፒሎካርፒን ብሌኑን አጥብቦ ቁጣውንና መጣበቁን ያባብሳል። ላታኖፕሮስትና መሰሎቹም ዓይኑ በቁጣ ላይ እያለ አይመረጡም፤ በኋላ ሲረጋጋ ይመጣሉ።

ሲክል ሴል፣ ቀይ የደም ሕዋስ ማጭድ መልክ የሚይዝበት የዘር በሽታ፣ ያለበት ሰው ሌላ ሕግ አለው። በደጋማው የአገራችን ክፍል ብዙም አይታይም፤ በአሜሪካ ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትሠሩ ግን በየጊዜው ታገኙታላችሁ። ማጭድ መልክ የያዙት ሕዋሳት በማጣሪያው አያልፉም፣ የእይታ ነርቩም በመጠነኛ ግፊት ይጎዳል። አሴታዞላሚድ ደሙን አሲዳም ስለሚያደርግ ለእነሱ አይሆንም። ግፊቱ 24 ላይ ከአንድ ቀን በላይ ከቆየ ደሙን ስለማጠብ ይታሰባል።

ለሌሎቹስ ደሙ በቀዶ ሕክምና የሚታጠበው መቼ ነው? ለዓመታት የተሠራባቸው ገደቦች አሉ። ግፊቱ 50 ላይ 5 ቀን ወይም 35 ላይ 7 ቀን ከቆየ፤ ደሙ ሙሉውን ሞልቶ ግፊቱ ከ25 በላይ ሆኖ 5 ቀን ካለፈ፤ ትልቅ የረጋ ደም እስከ 10 ቀን ካልቀነሰ፤ ወይም ኮርኒያው በደም መቅለም ከጀመረ። የመጨረሻው ምልክት ሲታይ ቀን መቁጠር የለም። በተለይ ሕፃን ከሆነ፣ የቀለመ ኮርኒያ እስኪጠራ ብዙ ወራት ይፈጃል፣ ዓይኑም በዚያ መሀል ማየትን ሳይማር ይቀራል። ነርቩ ቀድሞ በግላኮማ የተጎዳ ሰው ደግሞ እነዚህን ቀናት አይታገሥም።

ደም ሳይኖር ግፊት ሲወጣ

የውስጥ ቁጣ ብቻ ከሆነ ስቴሮይድና አትሮፒን ዋናው መድኃኒት ናቸው፤ የግፊት ጠብታው አጋዥ ነው።

ሌንሱ ከተንሸራተተ ነገሩ ይለወጣል። አይሪሱ ይንቀጠቀጣል፣ ፊተኛው ክፍል በአንድ ወገን ይሳሳል፣ ሰውየው በድንገት ሩቅ ማየት ያቅተዋል። ሌንሱ ብሌኑን ከዘጋው ፒሎካርፒን ያባብሰዋል። በሌዘር አይሪስ ላይ ቀዳዳ መክፈት ወይም ሌንሱን ማውጣት ነው መፍትሔው። የሌንሱ ከረጢት ተቀድዶ ነጭ ፍርፋሪ ከተበተነ ደግሞ ቁጣውን አብርዶ፣ ግፊቱን አውርዶ፣ ፍርፋሪውን ማውጣት ያስፈልጋል። ፍርፋሪው እያለ ጠብታ መቀያየር ጊዜ መግደል ነው።

ጭንቅላቱን ከተመታ በኋላ ዓይኑ ቀልቶ ሥሮቹ የተጠማዘዙ፣ ጆሮው ውስጥ ፉጨት የሚሰማው ሰው ካጋጠማችሁ ከዓይን ጀርባ የደም ቧንቧዎች ተገናኝተዋል ማለት ነው። እሱ የነርቭና የደም ሥር ስፔሻሊስት ሥራ ነው።

ኬሚካል የገባበት ዓይን ከታጠበ በኋላም ግፊቱን ተከታተሉ። ኖራና ሌሎች አልካሊዎች የዓይንን ግድግዳ ወዲያው ያኮማትሩታል፤ ግፊቱ በደቂቃዎች ይዘላል። ከዚያ ቁጣው ሁለተኛ ጭማሪ ያመጣል፤ ከወራት በኋላ ደግሞ ጠባሳ አንግሉን ይዘጋል። ኮርኒያው ደመና ስለሚሆን ሁላችንም ትኩረታችን እሱ ላይ ይሆናል፤ ነርቩ ከጀርባው በዝምታ ይሞታል። የተቃጠለው ገጽ የጠብታ ብዛት ስለማይችል እዚህ አሴታዞላሚድን በአፍ መስጠት እመርጣለሁ።

አምስተኛ፦ ከሳምንታት በኋላ

ተሽሎት የነበረ ሰው ግፊቱ ተመልሶ ሲወጣ መጀመሪያ የጠብታ ጠርሙሶቹን አስወጡ። ስቴሮይድ አሁንም እየጨመረ ነው? ለስቴሮይድ የሚሰጥ የግፊት ምላሽ በብዛት ከ2 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ይታያል። «ዴክሳው ስለተስማማኝ ደጋግሜ ገዛሁት» የሚለው ሰው ምርመራው አልቆለታል። ጠብታውን ቀስ በቀስ ቀንሱና አቁሙ፣ ግፊቱን ያዙ። አብዛኛው ይመለሳል፤ ለወራት ሲወስድ የቆየው ግን ላይመለስ ይችላል።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ያረጀ ደም ነው። ከሌንስ ጀርባ የፈሰሰ ደም ከሳምንታት በኋላ ሄሞግሎቢኑን ያጣና የደረቀ፣ ካኪ ቀለም ያለው ሕዋስ ይሆናል። ጎስት ሴል ይሉታል። ጤነኛ ቀይ ሕዋስ ተጣጥፎ በማጣሪያው ያልፋል፤ ይህ ግን አይታጠፍም። ወደ ፊት ሲመጣ ማጣሪያውን ይደፍናል። በብዛት ከጉዳቱ ከ1 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ይታያል። ታች የተኛው ካኪ ንብርብር መግል ይመስላል፤ አንቲባዮቲክ የሚታዘዝለትም ለዚህ ነው። ዓይኑ ያን ያህል ካልቀላና ካልታመመ፣ ግፊቱ ግን ከፍ ካለ፣ ጎስት ሴልን አስቡ። ጠብታ ካልያዘው ፊተኛውን ክፍል ማጠብ፣ ምንጩ ከጀርባ ከሆነም ቪትረክቶሚ፣ ከሌንስ ጀርባ ያለውን ዝልግልግ (ቪትረስ) ማውጣት፣ ነው።

ሦስተኛው፣ የተበሳ ዓይን ከተሰፋ በኋላ አይሪሱ ከአንግሉ ጋር ተጣብቆ የሚዘጋው ነው። ጎኒዮስኮፒ ያሳያችኋል። ግማሽ በግማሽ የተዘጋ አንግል በጠብታ ሊያዝ ይችላል፤ ሙሉው ከተዘጋ ቀዶ ሕክምና ነው።

ስድስተኛ፦ ከዓመታት በኋላ፣ የተረሳው ምት

አንድ የ40 ዓመት ሰው ይመጣል። አንዱ ዓይኑ ደህና ነው። በሌላው ግፊቱ 34፣ ነርቩ ተቦርቡሮ አልቋል። ሕመም የለም፣ መቅላት የለም። ዓይንህን ተመትተህ ታውቃለህ? አይ፣ በፍጹም። በልጅነትህስ? ወንጭፍ? ጅራፍ? ገና ስትጫወቱ? ቆይ፣ አዎ፣ ያኔ ለሁለት ቀን አላይ ብሎኝ ነበር፣ ከዚያ ዳነ።

ምቱ ሲያርፍ ኮርኒያው ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል፤ ፈሳሹ ወደ ጥጉ ይገፋና የሲሊያሪ ቦዲውን ጡንቻ በቁሙና በክቡ ክሮች መካከል ይሰነጥቀዋል። ይህን አንግል ሪሴሽን እንለዋለን። እንግሊዛዊው ትሬቸር ኮሊንስ በ1892 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የገለጸው። ስንጥቁ ራሱ ፈሳሽ አይዘጋም። ስንጥቁ ማጣሪያው አብሮ መመታቱን የሚናገር ምስክር ነው። ማጣሪያው ከውስጥ እየጠበሰለ፣ አንዳንዴም ስስ ሽፋን እያበቀለ ይዘጋል። ለዚህ ነው ግፊቱ በሁለት ወቅት የሚመጣው፦ አንዳንዱ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት፣ አንዳንዱ ከ10 ዓመት በኋላ።

የተቀደደ አንግል ያለው ሁሉ ግላኮማ አይይዘውም። በደቡብ አፍሪካ ማምሬ በተባለች መንደር 40 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ሲመረመሩ 14.6 በመቶው የተቀደደ አንግል ነበራቸው፤ ከእነሱ ግላኮማ የያዛቸው 5.5 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። አደጋው የሚጨምረው ቅዳዱ ከ180 ዲግሪ፣ ማለትም ከአንግሉ ዙሪያ ግማሽ፣ ሲያልፍ ነው። የእነዚህ ሰዎች ያልተመታው ዓይንም ከሌላው ሰው በበለጠ ለግላኮማ የተጋለጠ ሆኖ ይገኛል፤ ምናልባት ምቱ የነበረውን ዝንባሌ ያፋጥናል። ስለዚህ ደህና ነው የተባለውን ዓይንም ለኩ።

አንድ የአገር ቤት ጥንቃቄ ልጨምር። ኢትዮጵያ ውስጥ በአንድ ዓይን ብቻ ከፍ ያለ ግፊት ሲገኝ ሁሉንም በምት አታሳብቡ። ስዩዶኤክስፎሊየሽን፣ ነጭ ብናኝ ዓይን ውስጥ የሚጠራቀምበት በሽታ፣ እኛ ዘንድ በብዛት የሚታይ ነው፤ በአንድ ዓይን ጀምሮ ግፊቱን እስከ 40 ሊያደርስ ይችላል። ብሌኑን አስፍታችሁ በሌንሱ ፊት ላይ ነጭ ብናኝ ፈልጉ። ሕክምናቸው ይለያያልና ልዩነቱ ዋጋ አለው። ለስዩዶኤክስፎሊየሽን ማጣሪያውን በሌዘር ማከም፣ ትራቤኩሎፕላስቲ፣ ጥሩ ይሠራል፤ ለተቀደደ አንግል ግን ብዙም አይረባም።

ለአንግል ሪሴሽን ቲሞሎል፣ ዶርዞላሚድ፣ ብሪሞኒዲንና ላታኖፕሮስት ይሠራሉ። ፒሎካርፒን እዚህም አይሆንም፤ በዋናው ማጣሪያ ምትክ በጡንቻው በኩል የሚወጣውን ፈሳሽ ስለሚቀንስ ግፊቱን ጭራሽ ሊጨምረው ይችላል። ጠብታ ሲያቅተው ለፈሳሹ አዲስ መውጫ የሚከፍት ቀዶ ሕክምና፣ ትራቤኩሌክቶሚ፣ ይሠራል፤ የተመታ ዓይን ቶሎ ስለሚጠብስል ግን ጠባሳ የሚከላከለውን ሚቶማይሲን ሲ መጨመር ያስፈልጋል። ቪትረስ ወደ ፊት ከመጣ ወይም የዓይኑ ሽፋን ቀድሞ ከጠበሰለ ቱቦ፣ አህመድ ቫልቭ የመሰለው፣ የተሻለ ምርጫ ነው። የተሠራለት ሰው ዓይኑ ከቀላ ወይም ፈሳሽ ካወጣ ከዓመታት በኋላም ቢሆን በዚያው ቀን መምጣት አለበት፤ በቀዶ ሕክምናው ቦታ የሚገባ ኢንፌክሽን ዓይን ያጠፋል። ምንም የማያይና የሚያሠቃይ ዓይን ካለ ደግሞ በሌዘር ሲሊያሪ ቦዲውን ማድከም ይበቃል፤ ትልቅ ኦፕሬሽን አያስፈልገውም።

በዓመታት ምድብ ውስጥ ተደብቆ የቀረውን ብረትም አስታውሱ። የአንዱ ዓይን አይሪስ ቀለም ከሌላው ከተለየ፣ ብሌኑ ሰፍቶ ከቀረ፣ ሰውየው ብየዳ ወይም ጋራዥ ከሠራ፣ ዝገቱ ማጣሪያውንም ሬቲናውንም እየበላ ነው። ብረቱ ይውጣ።

ሰባተኛ፦ ክትትሉና ካርዱ

በአሜሪካ የዓይን ጉዳት መዝገብ መሠረት ዓይናቸው ሳይበሳ ከተመቱት ውስጥ 3.4 በመቶ ያህሉ በ6 ወር ውስጥ ግላኮማ ይዟቸዋል። ይበልጥ የሚያሰጉት ዕድሜያቸው የገፋ፣ በመጀመሪያው ቀን እይታቸው በጣም የወረደ፣ አይሪሳቸው ወይም ሌንሳቸው የተጎዳ፣ ሃይፊማ የነበራቸውና አንግላቸው የተቀደደ ናቸው። እነዚህን ለብቻ መዝግቧቸው።

ቀጠሮው እንዲህ ቢሆን ይበቃል። ደም ካለ በየቀኑ ለ5 ቀን። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ላይ ጎኒዮስኮፒና የሬቲና ዳር ምርመራ። ከዚያ 3 ወር፣ 6 ወር፣ 1 ዓመት። አንግሉ ከተቀደደ በየዓመቱ፣ ዕድሜ ልክ። በየዓመቱ ግፊት ብቻ ሳይሆን ነርቩ ይታይ፤ ካለም የእይታ መስክ ምርመራና ኦሲቲ፣ የነርቩን ክሮች ውፍረት የሚለካው የብርሃን ምስል፣ ይሠራ።

የሚቸግረው በሽተኛውን ማሳመን ነው። ዓይኑ ያያል፣ አያመውም፣ ትራንስፖርቱ ብር ነው። «ተከታተል» ማለት አይበቃም። ይህን ብትሉት ይሻላል፦ «ዓይንህ ድኗል። ውስጡ ግን ፈሳሽ የሚወጣበት ቦታ ተሰንጥቋል። ከዓመታት በኋላ ሳያምህ ሊያጠፋብህ ይችላል። በየዓመቱ በልደትህ ሰሞን ወይም በምታስታውሰው በዓል ሰሞን ተለካ። የትም ከተማ ብትሄድ ይህን ዓይኔን ተመትቼ ነበር በል።»

ስትልኩትም የሪፈር ወረቀቱ ላይ «የዓይን ጉዳት» ብቻ አትጻፉ። የተመታበትን ቀንና ሰዓት፣ በምን እንደተመታ፣ የመጀመሪያውን ቀን እይታ፣ የደሙን ከፍታ፣ እስካሁን የተለኩትን ግፊቶች ከነሰዓታቸው፣ የተሰጡትን ጠብታዎችና የተጀመሩበትን ቀን፣ አስምና አለርጂ መኖር አለመኖሩን ጻፉ። ጎኒዮስኮፒ ካያችሁ ስንት ዲግሪ እንደተቀደደና በየትኛው ሰዓት አቅጣጫ እንደሆነ ጨምሩበት። የወረቀቱን ፎቶ በስልኩ አንሥቶ እንዲይዝም ንገሩት፤ ካርድ ይጠፋል።